ለእንግዳ የተነጠፈ ደረጃ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ የሚያውቃት ከመርፌዋ ይልቅ በአፏ ነው። «አስረጂ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ጎረቤቷ ብረት በያጁ ነው። አንድ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ጠያቂዎች ወደ ሰፈሩ ሲወርዱ፣ ሰዉ «ቤት ሊያፈርሱ ነው»፣ «ግብር ሊጨምሩ ነው» እያለ በሩን ሲቀረቅር፣ እሷ የስፌት መኪናዋን መዘውር በመዳፏ ያዝ አድርጋ «ግቡ ልጆቼ፣ ጥያቄ ሰው አይገድልም» አለቻቸው። ገቡ። ስለ ውሃው ሲጠይቋት ስለ ውሃው ነገረቻቸው፤ ስለ መብራቱ ሳይጠይቋት ስለ መብራቱም ነገረቻቸው። የማን ግድግዳ የማንን ጣሪያ እንደተሸከመ፣ የማን ፍሳሽ በማን ጓሮ እንደሚያልፍ፣ የትኛው ቤት በር ክረምት ሲገባ አብጦ አልከፈት እንደሚል አንድ በአንድ ዘረዘረችላቸው። የሚጽፈው ሰው እጁ ዝሎ ብዕሩን ሲያስቀምጥ፣ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ ሲሰማ የቆየው በያጅ «እኛ ሰፈር ለካ አስረጂ አለን» ብሎ ሳቀ። ስሙም በዚያው ጸና።

አንዳንድ ሰው ቅጽል ስም ሲወጣለት ይቆጣል። እሷ ወደደችው። ጨዋታ ትወዳለች፤ ይህን ክዳም አታውቅም። ከዚያ ወዲህ የመጣ አጥኚ ሁሉ ወደ እሷ ይላካል። ቁልፍ ሊያስተክል የመጣ ደንበኛ እንኳ አጥኚ መስሏት «ስለ ቦዩ ልጀምርልህ?» ያለችው ጊዜ አለ ብለው ይቀልዱባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

ሰፈሩ ሁለት ዳገቶች እግራቸውን ዘርግተው በሚገናኙበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ የተቀመጠ ነው። ከላይ አስፋልቱ ያልፋል። ከአስፋልቱ ወደ ሰፈሩ የሚያወርደው አንድ ደረጃ ብቻ ነው፤ ደረጃ መባሉም በድሮ ስሙ ነው። ድንጋዩ ግማሹ ተነቅሏል፣ ግማሹ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተወላግዷል። በጎኑ የሚሄደው ቦይ ከተደፈነ ጊዜ ጀምሮ የአስፋልቱ ውሃ መንገድ ሲያጣ በደረጃው ላይ ይወርዳል። በበጋ ሰው ይወጣበታል፤ በክረምት ውሃ ይወርድበታል፣ ቸኩሎ የወጣ ሰውም ከውሃው ጋር አብሮ ይወርዳል።

ለሌላው ሰው ይህ ችግር ነበር። ለአስረጂ ግን ከችግርም በላይ ነበር፤ በባሏ ምክንያት።

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም ሰፈሩ «ጋሼ ሾፌር» ማለቱን አልተወም። ስኳር በሽታ ይዞት ከርሞ፣ አንድ ቀን ጫማ የፈገፈገው የምታህል ነገር በቀኝ እግሩ ላይ ቁስል ሆና ወጣች። ቁስሏ እየሰፋች አልድን አለች። ሐኪሙ ለሁለቱም በግልጽ ነገራቸው፦ ቁስሉ ሳይቋረጥ እየታጠበ ከታሸገ ሊድን ይችላል፤ ከተቋረጠ እግሩ ይሄዳል። ጤና ጣቢያው ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ከሩቅ ለሚያየው የእጅ መዳፍ ያህል ቅርብ ነው፤ ከጎድጓዳው ለሚወጣ በሽተኛ ግን ሌላ አገር ነው። በበጋ የሚስቱን ትከሻ ተደግፎ፣ አራት ደረጃ ወጥቶ አንድ ትንፋሽ እየወሰደ ይደርሳል። ክረምት ሲሆን በያጁና ሸክም ተሸካሚው ጎረቤታቸው በወንበር አድርገው ያወጡታል። የሚችሉ ቀን ነው ታዲያ። ውሃው ከባድ የሆነ ቀን ራሱ ሾፌሩ «ተዉት፣ ሁላችንም ከምንሰበር አንድ የተሰበረ ይበቃል» ብሎ ይመልሳቸዋል። ሲያሾፍ ደግሞ «ስንቱን ሕዝብ ከዳር እዳር ያደረስኩ ሰውዬ፣ ከአልጋዬ እስከ አስፋልቱ የሚያደርሰኝ ልጣ?» ይላል።

ስለዚህ አስረጂ ለመጣው አጥኚ ሁሉ ሌላውን ሁሉ ብታወራም፣ ዞራ ዞራ የምትገባው ወደ ደረጃው ነበር። ቦዩ ይከፈት፣ ደረጃው ይሠራ፣ መያዣ ብረት ይኑረው። ሌላ ነገር አልለመነችም።

አንድ ዓመት የከተማው አስተዳደርና ዩኒቨርሲቲው በትልቅ አዳራሽ ተፈራረሙ ተባለ። ከተማው የሚያውቀውን ለዩኒቨርሲቲው፣ ዩኒቨርሲቲው የሚያውቀውን ለከተማው ሊያካፍል፣ ሁለቱ ደግሞ ነዋሪው የሚያውቀውን አብረው ሊሰሙ። ከሚያጠኗቸው ሰፈሮች መካከል የባሰበት ተመርጦ በዚያው ዓመት ሥራ ይጀመርለታል የሚል ወሬም አብሮ መጣ። ከዩኒቨርሲቲው የተመደበችው አንዲት ወጣት አስተማሪ ነበረች። ከከተማው የተመደበው መሐንዲስ ነው፤ ሰፈሩ «እናያለን» ይለዋል፣ ምክንያቱም ቦዩን ቢያሳዩት፣ አምፖሉን ቢያሳዩት፣ የተሰነጠቀውን ግንብ ቢያሳዩት መልሱ ያው «እናያለን» ነው። ክፉ ሰው አይደለም። የከተማው ጎድጓዳ ሁሉ በእሱ ጫንቃ ላይ ነው፤ እንቢ የማለት ሥልጣን የለውም፣ እሺ የማለትም የለውም።

አስተማሪዋ ግን መስማት የምታውቅ ሰው ነበረች። መጀመሪያ የመጣች ዕለት ወንበር ሲፈለግላት እምቢ ብላ በጨርቅ ከረጢት ላይ ቁጭ አለች። አስረጂ ሁሉንም ነገረቻት፤ የባሏን እግር ሳይቀር። አስተማሪዋ ሰምታ ስታበቃ አንድ ነገር አስጠነቀቀቻት። ከዚህ ቀደም ከተማው ዩኒቨርሲቲውን «ታጋንናላችሁ» ይል ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ከተማውን «ትሸፍናላችሁ» ይለው ነበር። ስለዚህ አሁን ሁለቱ የተስማሙበት አሠራር አለ። ነዋሪው የተናገረው ብቻውን አይጻፍም፤ የሁለቱም ሰዎች በአንድ ቀን፣ ጎን ለጎን ቆመው በዓይናቸው ያዩት ነው የሚጻፈው። «ዝናቡ ሲጀምር ከመሐንዲሱ ጋር እመጣለሁ፣ ያን ቀን እናየዋለን፤ እርስዎ ምንም አይጨነቁ እትዬ» አለቻት።

አስረጂ ያን ዕለት ማታ ለባሏ «በቃ፣ ደረጃችን መጣ» አለችው። እሱም «ላም አለኝ በሰማይ አትበይኝ እንጂ» አላት፤ ግን ፈገግ ብሎ ነበር።

ዝናቡ ጀመረ፤ እንግዶቹ ነገ ይመጣሉ የሚል መልእክትም ደረሰ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንደሚባለው፣ ሰፈሩ ተንጫጫ። በመጀመሪያ አንዲት ጎረቤት መጥረጊያ ይዛ ወጣች፤ «እንግዳ በዚህ ጭቃ ላይ ረግጦ ይግባ?» አለች። ነውር ነው ተባለ። ሁለተኛዋ አካፋ ይዛ ተከተለች። ቦዩ ውስጥ የተከማቸው ቆሻሻ በላስቲክ እየታፈሰ ወጣ። በያጁ ከአሮጌ አልጋ ብረት ቆርጦ በደረጃው ጎን መያዣ በየደረጃው ቸከለ፤ በስሚንቶ ሳይሆን በጭቃ ነው የቸከለው፣ ለአንድ ቀን ምን አነሰው ብሎ። ሳጥን ሠሪው አናጢ ደግሞ ለሬሳ ሳጥን ያዘጋጀውን ጣውላ ሁሉ አምጥቶ በተነቀሉት ደረጃዎች ላይ አነጠፈ። «የሟች ነው ብላችሁ እንዳትሳቀቁ፣ ገና ባለቤት አልመጣለትም፤ ብቻ ማታ ትመልሱልኛላችሁ» አለ። ሁሉም ሳቀ።

አስረጂ ምን አደረገች? እውነቱን ለመናገር፣ እሷም አብራ ጠረገች። ልቧ «ተይው፣ ይዩት» ይላት ነበር። አንድ ጊዜም አፏን ከፍታ «ለምን እንዳለ አያዩትም?» ብላ ነበር። በያጁ ቀና ብሎ አያትና «እትዬ፣ አንቺ ቤት ሰው ሲመጣ ያልተነጠፈ አልጋ ታሳያለሽ?» አላት። ገመናን ለእንግዳ ዘርግቶ ማሳየት እሷም አላደገችበትም፤ እናቷ ዱቄት ባለቀበት ቀን እንኳ እንግዳ ከመጣ የድስቱን ክዳን እያንኳኳች ነበር የምታወራው። ጎንበስ ብላ መጥረጊያዋን አነሳች።

በማግስቱ እንግዶቹ ሲመጡ መሐንዲሱ ሱሪው ከጉልበቱ በታች ተቀድዶ፣ ጎኑ በጭቃ ተለውሶ ነበር። ጠዋት ከማዶ ያለውን፣ አብሮ የሚጠናውን ሰፈር ሊያዩ ሄደው፣ እዚያ ነው የወደቀው። የማዶዎቹ ተጨቃጫቂዎች ናቸው፤ በራቸውን እንኳ አልከፈቱም፣ አንዲት ሴት ብቻ በመስኮት ሆና «ባለፈው የመጣውም ወድቆ ነው የሄደው» ብላ መስኮቱን ዘጋችበት። እናያለን በጣውላው ላይ እንደ ሙሽራ እየተራመደ ወደ አስረጂ ሰፈር ሲወርድ ፊቱ በራ። አስረጂ ሱሪውን ስታይ ሌላው ሁሉ ከአእምሮዋ ጠፋ። «እንዲህ ሆነህማ አትሄድም ልጄ» ብላ አስገባችው፤ ነጠላ አስገልድማ አስቀመጠችው፤ ሱሪውን አጥባ በካውያ አደረቀችና ቀዳዳው እስኪጠፋ ድረስ ጠቀመችለት። ሂሳብ ቢላት ተቆጣችው። መሐንዲሱ ነጠላ አገልድሞ፣ እግሩን ሰብስቦ፣ ሻዩን ይዞ ሲቀመጥ አስተማሪዋ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ እሱም ሳቀ። ቤቱ ሞቀ።

በዚያ ሞቅታ መሐል ነው አስተማሪዋ፣ ከመሐንዲሱ ፊት፣ «እሺ እትዬ፣ እንግዲህ በዝናቡ ጊዜ እንዴት ነው የምትኖሩት?» ብላ የጠየቀችው። የአስረጂ ደረት ሙሉ ነበር። ስንት ዓመት ያጠራቀመችው ነገር ነበር። ነገር ግን ሰው ቤትሽ ተቀምጦ እንዴት ናችሁ ሲልሽ ምን ይባላል? መጀመሪያ የሚባለው ነገር አለ፣ እሱን አለች፦

«ተመስገን ነው። ተደጋግፈን እንኖራለን።»

ቀጥላ ልትናገር ነበር። «ነገር ግን» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር ትላለች እስከ ዛሬ። ያኔ ግን ከውጭ የሰዎች ድምፅ ተሰማ። ወጥተው ሲያዩ ሾፌሩ ነው። ከጓዳ በጓሮ በር ወጥቷል። ጢሙን ተላጭቷል፤ የድሮ የሥራ ኮቱን ለብሷል፤ የታሸገውን እግሩን ሳይቀር ጫማ ውስጥ አስገብቷል። የአልጋ ብረቱን ጨብጦ፣ ጣውላውን እየረገጠ፣ ደረጃውን እየወጣ ነው። «እንግዳ እኮ እስከ መንገድ ይሸኛል» አለ፣ ላቡ እየወረደ። አስረጂ ልትይዘው ስትሮጥ በዓይኑ ከለከላት። እሷ ያን ዓይን ታውቀዋለች፤ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዞ ፍሬን የከዳው ቀን የነበረው ዓይን ነው። እናያለን ከልቡ ተደነቀና እጁን ዘርግቶ ጨበጠው። አስተማሪዋ ፎቶ አነሳች። ሰፈርተኛው አጨበጨበ።

እንግዶቹ ሄዱ። አናጢው ጣውላውን ለቀመ። ሾፌሩ በወንበር ተሸክመውት ወረደ፤ ጫማውን ሲያወልቁለት ካልሲው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ነበር። ሚስቱ በሞቀ ውሃ እያራሰች ትነቅልለት ጀመር። «አሳፈርኩሽ?» አላት። «አላሳፈርከኝም» አለችው።

የጥናቱ ውጤት በአዳራሹ ሲነገር ሰፈርተኛው ልብሱን ለውጦ ሄደ። ግድግዳው ላይ ሥዕል ይታያል፣ አስተማሪዋ ታስረዳለች። የማዶው ሰፈር ታየ፦ ጭቃው፣ የተዘጋው በር፣ የመሐንዲሱ የተቀደደ ሱሪ። አዳራሹ ሳቀ። ቀጥሎ የእነሱ ሰፈር መጣ። ቦዩ ተከፍቶ ውሃው ሲፈስ፣ መያዣ ብረቱ፣ ጣውላው፤ በመጨረሻም ሾፌሩ፣ በኮቱ፣ ፈገግ ብሎ ደረጃውን ሲወጣ። «ነዋሪው ራሱ መንገዱን የሚጠብቅበት፣ ታማሚ እንኳ ያለ ረዳት የሚወጣበት ሰፈር» ተባለ። ለሌላው ከተማ ምሳሌ የሚሆን ተባለ። ሰፈርተኛው በኩራት አጨበጨበ። በያጁ አስረጂን በክርኑ ጎሸም አድርጎ «የኔ ብረት» አላት። አስረጂም እያጨበጨበች ነበር። እጇ ገና በአየር ላይ እንዳለ ነው ቀጣዩ የተነገረው፦ ለዘንድሮ የተያዘው ሥራ ለማዶው ሰፈር ተፈቅዷል። ደረጃ፣ ቦይ፣ መያዣ ብረት።

ማጨብጨቧን ያቆመችው ከሁሉም መጨረሻ ነው። እጇ ቀድሞ ጀምሮ ስለነበር።

በአዳራሹ በር አስተማሪዋን ጠብቃ ያዘቻት። ልጅቷ ነገሩን ስትረዳ ቀስ በቀስ ፊቷ ተለወጠ።

«እትዬ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«በፊትማ ነግረውኛል። ያን ቀን ማለቴ ነው። እሱ ባለበት።»

«ያን ቀንማ» አለች አስረጂ፣ «እንግዳ ነበራችኋ።»

አስተማሪዋ ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ ይህ ሊነገርላት ይገባል። ከተማ አስተዳደሩ ሄዳ ስለ ጣውላውና ስለ አልጋው ብረት ተናገረች። እናያለን አዳመጣት፤ የሱሪውን የተሰፋ ቦታ በጣቱ እየዳሰሰ ነበር አሉ። ከዚያ አንድ ሰፈር በአንድ ጥናት ሁለት መልክ ሊኖረው እንደማይችል፣ በጀቱ እንደተመደበ፣ ምሳሌነቱም ለሌሎች ከተሞች እንደተላከ አስረዳት። እንደገና ይጠና ከተባለ ደግሞ ከተማውና ዩኒቨርሲቲው እንደገና መፈራረም አለባቸው። መቼ ብትለው፣ የታወቀውን መለሰላት።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ክረምቱ ጠና። በጭቃ የቸከሉት ብረት በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ተነቅሎ ወርዶ አንዱ ቤት ደጅ ላይ ተጋደመ፤ በያጁ ሰብስቦ መልሶ አልጋ አደረገው። ቦዩ ተደፈነ። ሾፌሩን ቁስሉን ለማሳጠብ የሚያወጡበት ቀን ካንዱ ወደ ሌላው እየተገፋ ሄደ። አንድ ቀን ሸክም ተሸካሚው መሐል ደረጃ ላይ አዳልጦት ወንበሩ ሲያጋድል፣ ሾፌሩ ላለመውደቅ የረገጠው በበሽተኛው እግሩ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚሸከመው ሰው ራሱ ወገቡን ታሞ ተኛ። አስረጂ ከጤና ጣቢያው ፋሻና መድኃኒት ይዛ እየወረደች ቁስሉን ራሷ ታጥበው ጀመር። ጨርቅ የሚያስተካክል እጅ ሥጋን አያስተካክልም። ሽታው ሲለወጥ ሁለቱም አወቁ፤ እሱ መስኮቱን እንድትከፍት ይጠይቃል፣ እሷ ደግሞ ሳይጠይቃት ትከፍታለች።

በዚያ ሰሞን አስተማሪዋ ልትሰናበት መጣች። ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተዛውራ ነበር። ዝናብ እየዘነበ ነው የወረደችው፤ የመጨረሻዎቹን ደረጃዎች በቀሚሷ ተንሸራትታ ነው የጨረሰችው። አስረጂ አንስታ አስገባቻት፤ አጠበቻት፤ የራሷን ልብስ አለበሰቻትና ቀሚሷን በካውያ ታደርቅ ጀመር። አስተማሪዋ በሰው ልብስ ውስጥ ትንሽ ሆና ተቀምጣ ወደ አልጋው አየች፤ ከዚያ ወደ በሩ፣ ውሃው ወደሚወርድበት።

«አሁን አየሁት» አለች።

«አየሽው» አለች አስረጂ፣ ካውያውን ሳታነሳ። «ግን ማን አብሮሽ አየ፣ ልጄ?»

ልጅቷ አለቀሰች። ሾፌሩ ከአልጋው ላይ ሆኖ «ተያት፣ ሻይ ስጫት» አለ። አስረጂ ሻይ ሰጠቻት፤ እስከ አስፋልቱ ድረስም እጇን ይዛ ሸኘቻት። ደህና ልጅ ነበረች። ከዚያ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ደውላለች፤ እግሩ እንዴት ነው እያለች። ኋላ ጥሪው ራቀ፤ ሰው ሲርቅ እንደሚሆነው።

እግሩ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ከጉልበት በላይ ተቆረጠ። ከሆስፒታል የመለሱት ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ደረጃው ደርቋል፣ ያለ ችግር ወረዱ። በያጁ በጀርባው ነበር ያወረደው። ሸክሙ ቀሎት ነበር፤ ሾፌሩም አወቀው፣ «የመሳፈሪያ ሒሳቤ ይቀነሳል» ብሎ ቀለደ፣ ማንም አልሳቀም። አልጋው ላይ ካስተካከሉት በኋላ ሚስቱን ጠራትና፣ ሰው ሻይ አልፈልግም እንደሚልበት ባለ ድምፅ፣ «ከእንግዲህ ደረጃ ብለሽ አትለምኚ፤ የት ልሄድበት ነው?» አላት። እሷ የስፌት መኪናዋ ጋ ሄዳ ቁጭ አለች፤ ክር አላስገባችም፤ መዘውሩን ብቻ በመዳፏ ይዛ ቆየች።

ማዶ ያለው ደረጃ ተሠርቶ አለቀ። ማታ ማታ አዲሱ መብራቱ ሲበራ ከመስኮቷ ይታያል። የማዶዎቹ አሁንም ይጨቃጨቃሉ፤ ደረጃው ጠበበን ይላሉ አሉ።

ሌላ ክረምት ገባ። አንድ ቀን እናያለን ራሱ መጣ፤ ከአስፋልቱ ላይ ሆኖ በእጁ ጠራት፣ አልወረደም። ከሌላ ከተማ አስተዳደር፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ እንግዶች ይመጣሉ፤ ምሳሌውን አይተው ሊማሩ። እሷ እንድታስረዳላቸው። አስረጂ እሺም እንቢም ሳትለው ወረደች። ያን ቀን ግን በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ቤት ለቤት ዞረች። «በፈጠራችሁ» አለቻቸው፣ «ነገ ምንም አትንኩ። ጭቃውን ይዩት። እኔንም እንዳለሁ ይዩኝ፣ እሱንም።» ሰዎቹ አዘኑላት። ሁሉም እሺ አሉ። በያጁ «ቃሌ ነው እትዬ» አላት። አናጢውም «ጣውላ ቢለምኑኝም የለኝም እላለሁ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት የነቃችው በመጥረጊያ ድምፅ ነው።

ወጣች። ያቺው ጎረቤት ናት፤ ቀና ብላ ሳታያት «የኔን ደጅ ብቻ ነው» አለች። ከእሷ በላይ ያለችውም የራሷን ደጅ ብቻ ነበር። በያጁ ደግሞ አንዱ ብረት ብቻ ቢኖር ምን አለበት፣ ከእንግዶቹ መሐል ሽማግሌ አለ ተብሎ ነው አለ። ሁሉም የየራሱን ትንሽ ነገር ብቻ ነበር ያደረገው፤ ተያይዞ ሲታይ ደረጃው ተነጥፏል። አናጢው ከታች ቆሞ ነበር። «አገር አቋርጠው የመጡ ሰዎች ናቸው እኮ፣ እቴ» አላት፣ እየለመናት።

አስረጂ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ጣውላ ጫፍ ይዛ አነሳች። ሁለተኛውንም አነሳች። ማንም አልከለከላትም። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ከላይ ድምፅ ሰማች። እንግዶቹ ቀድመው ደርሰዋል። ከፊት አንዲት አሮጊት ፕሮፌሰር ናቸው፤ ከዘራቸውን ይዘው መውረድ ጀምረዋል። ዓይናቸው እግራቸው ላይ አይደለም፣ ሰፈሩን እያዩ ነው። የሚቀጥለው እርምጃቸው ጣውላው ወደተነሳበት ነበር።

አስረጂ ያነሳችውን ጣውላ መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ ወጥታ እጃቸውን ያዘች።

«ቀስ ይበሉ እማማ» አለች። «በዚህ በኩል ይርገጡ።»

ቤት ውስጥ ሾፌሩ ድምፁን ሰምቶ ብርድ ልብሱን እስከ ወገቡ ስቦ ነበር። ስትገባ በእጁ ምልክት አሳያት፤ ገባት። ትራስ አምጥታ እግሩ በሌለበት በኩል ከብርድ ልብሱ ሥር አደረገችለት፤ እጥፋቱንም፣ ጥሩ ሰፊ አይደለች፣ ማንም እንዳያውቅ አድርጋ አስተካከለችው። ፕሮፌሰሯ ገብተው ተቀመጡ። ደግ ሰው ይመስላሉ። እንዴት ናችሁ አሉ። ተመስገን አሉ ሁለቱም። ፎቶው ላይ ያለው እርስዎ ነዎት ወይ ብለው ሾፌሩን ጠየቁት። «እኔ ነኝ» አለ። አሁንም ደረጃውን ይወጣሉ ወይ አሉት። ሾፌሩ ሚስቱን አየ። እሷ መሬቱን አየች።

«ሾፌር ነበርኩ እኮ እማማ» አላቸው። «የምሄደውን ሄጃለሁ።»

ፕሮፌሰሯ ሳቁ፤ አብረዋቸው የመጡትም ሳቁ። አንዱ የሆነ ነገር ጻፈ።

ሲወጡ አስረጂ አሮጊቷን እስከ አስፋልቱ ሸኘቻቸው። እናያለን በመኪናው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ሰላም አላት፣ ስለ ባሏ ሊጠይቃት አፉን ከፈተና ተወው። መኪኖቹ ሄዱ። ደመናው ከዳገቱ ጀርባ እየተጠቀለለ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ጣውላው ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመሩ። አናጢው እንጨቱ እንዳይበላሽበት ከላይ ጀምሮ መልቀም ፈልጓል፤ ግን እሷን አስቀድሞ ጠየቃት። የሾፌሩን መድኃኒት ልታመጣ ትሻገር እንደሆነ፣ ተመልሳ እስክትወርድ ልጠብቅሽ ወይ አላት።

አስረጂ ከአስፋልቱ ማዶ አየች፣ ከዚያ ጎድጓዳውን አየች። ጤና ጣቢያው እንደ ወትሮው የእጅ መዳፍ ያህል ቅርብ ነበር።

«አንሳው» አለችው።